ለነጩ ወፍ ምስክር

ውድ ጌንቾ፣

ይህን ደብዳቤ ሮሲትሳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንደምታነብልህ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ በልጅህ ፊት የምናዘዘው ነገር ስላለኝ አስቀድሜ እሷን ላስቸግራት። ሮሲ፣ የኔ ልጅ፣ አባትሽ መሃል ላይ «በቃ፣ ተይው፣ ገባኝ» ቢልሽ እንዳትሰሚው። አልገባውም። እስከ መጨረሻው አንብቢለት።

በመጀመሪያ ግን የምትጠይቀኝን ስለማውቅ ከእሱ ልጀምር። ዘንድሮ ምን ምን ወፍ መጣ? ጌንቾ፣ ዘንድሮ ብርዱ ሰነፍ ነበር። እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ድረስ ባሕሩ ረግቶ፣ ሰዉም በሹራብ ብቻ እየወጣ፣ ከወደቡ አፍ ላይ ከተለመዱት ጠላቂ ወፎች በቀር ምንም አልነበረም። ከዚያ የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ሦስት ቀን ሙሉ ነፈሰና አገሩ ተገለበጠ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የባሕር መከላከያው ግንብ ጫፍ ላይ ስደርስ ወደቡ ውስጥ ጢም ብለው ገብተዋል። ባለ ጥቁር ጉሮሮዎቹን ጠላቂዎች አርባ አንድ ቆጠርኩ፤ ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርኩት፣ አትቆጣ። ፔሊካኖች አሥራ አንድ ሆነው በከተማው ላይ ወደ ደቡብ አለፉ። ቀይ ደረቶቹ ዝይዎችም ከሻብላ በኩል ከስንዴው ማሳ ወደ ሐይቁ ሲመለሱ ድምፃቸውን ከቤቴ በረንዳ ሰማሁት። ዓሣ አጥማጁ ዲንኮ አሁንም ያችኑ ሰማያዊ ጀልባ ይዞ መረቡን ይጠግናል። ያ ክሬን ነጂ ጓደኛሽ ወፍ መቁጠር ትቶ ዳኑብ ላይ መርከብ መቁጠር ጀመረ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ዓይኑ ታሞ ነው አልኩት። ፌስታል ሙሉ ዓሣ ሰጠኝ፤ ለማን እንደሰጠኝ እንኳ አላወቀም መሰለኝ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ፤ ሳስረዝመው ደግሞ ድፍረቴ ያልቅብኛል።

የወፍ ቆጠራን ሕግ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ፋርማሲዬን ዘግቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቆጠራ አብሬህ የወጣሁ ቀን፣ ከመብራት ማማው እስከ ወደቡ ያለውን ዳርቻ እየሄድን «አንድ ሰው ያየው ወሬ ነው፤ ወፍ የሚሆነው ሁለት ሰው ሲያየው ነው» አልከኝ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆነን የምንወጣው። አንዱ ያየውን ሌላው ካላየ ብርቅ ወፍ በመዝገብ ያልጸደቀ ተብሎ ይቀመጣል። እኔ እንዲያውም ይህ ሕግ ለትዳርም ቢሆን ጥሩ ነው ብዬ ስቄብህ ነበር፤ አንተ ግን በቁም ነገር «ለትዳርማ አይሆንም» ብለህ መለስክልኝ።

ያን የፕላስቲክ ዝይ ጉድ ታስታውሳለህ። እንዴት ትረሳለህ! ያን ዓመት አንተ በጉንፋን ተኝተህ፣ በአንተ ቦታ የወጣው ሰውዬ ቀኑን ሙሉ በስልኩ ሲያወራ ዋለ። እኔ ከሐይቁ ማዶ በጭጋግ ውስጥ አሥራ አራት ቀይ ደረት ዝይ አየሁ። ሰውዬው ቀና እንኳ ሳይል «አንቺ ካልሽ ነው» ብሎ ፈረመልኝ። ለካስ አዳኞች ዝይ ለማታለል ውሃው ላይ የበተኑት ፕላስቲክ ነበር! ሶፊያ በነበረው የወፍ ማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ መሳቂያ ሆንኩ። ከሻይ ረፍት ስመለስ ወንበሬ ላይ አንዱን የፕላስቲክ ዝይ አንገቱ ላይ ሻርፕ አስረው አስቀምጠውልኝ ነበር። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ? ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አንተ ፖምህን በሰንጢህ ለሁለት ከፍለህ ግማሹን ሰጠኸኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ ወደ መስኮቱ ስለዞርኩ ያላየኸኝ መስሎኝ ነበር።

ነጩ ወፍ የመጣው ከዚያ በኋላ በነበረው ቆጠራ ነው። ዘንድሮ ስምንት ዓመቱ።

እኩለ ቀን ላይ ከግንቡ ጫፍ ተቀምጠናል። አንተ የጠዋቱን ድምር ትሠራለህ፤ እኔ በርቀት መነጽሬ ወደቡን ከዳር እስከ ዳር አስሳለሁ። ከዛጎል ለቃሚዋ ጀልባ ኋላ አንድ ነገር ተነሣ። ነጭ ነው። ሌሎቹ የባሕር ወፎች ከጎኑ ሲበርሩ ያላጠብናቸው ልብሶች መሰሉብኝ። እግሩ አጭርና ጥቁር፣ ጭንቅላቱ እንደ እርግብ ክብ፣ መንቁሩ ግራጫ ሆኖ ጫፉ ቢጫ። አንተ ሠላሳ ዓመት የነዳኸውን ቀይ ክሬን ዞረና በግራ ክንፉ አጋድሎ ወደ ባሕሩ ወጣ። ከሰሜን ዋልታ በረዶ የማይርቀው ወፍ በእኛ ወደብ! እስከ አሥር ብትቆጥር ነው፤ ከዚያ በላይ አልቆየም።

አዎ ጌንቾ። አይቼዋለሁ። እንዲያውም ከአንተ በአንድ ትንፋሽ ቀድሜ ነው ያየሁት።

ከዚያ እርሳስህ ሲወድቅ ሰማሁ። «አየሽው?» አልከኝ። ድምፅህ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ድምፅህ ሲንቀጠቀጥ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምኑን?» አልኩህ።

መነጽሩ ገና በእጄ ነበር። አንተ ዞረህ አየኸኝ። ቁጣ አልነበረም። ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ የማታውቀውን ወፍ እንደምትመረምር ነበር የምታየኝ። ከዚያ «ምንም» አልክና አዲስ ቅጽ ከቦርሳህ አውጥተህ ብዙ ጻፍክ። አንተ አላሳየኸኝም፣ እኔም አልጠየቅሁህም። በስብሰባው ላይ ተነሥተህ ስታነብ ሊቀመንበሩ ሌላ ማን አየ ብሎ ሲጠይቅ «እኔ ብቻ» አልክ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እኔ አጠገብህ ነበርኩ። ጫማዬን ነበር የማየው።

ብትጮህብኝ ምን ነበረበት? ብትሰድበኝ፣ «አንቺ ዓይንሽን ምን ነካው» ብትለኝ፣ እኔም እመልስልህና ነገሩ በዚያው ይፈነዳ ነበር። አንተ ግን ምንም እንዳልሆነ ሆንክ። በሚቀጥለው ዓመት ጉልበቴን አሞኛል፣ ግንቡ ላይ መውጣት ከብዶኛል ብለህ የሐይቁን በኩል ያዝክ። የሐይቁ መንገድ ከግንቡ በእጥፍ እንደሚረዝም ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ዓይንህ ታመመ፣ ከዚያ ሮሲትሳ መጥታ ዳኑብ ዳር ወዳለው ቤቷ ወሰደችህ። አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ አየር ጠባይ አወራን።

ስምንት ዓመት ሙሉ ራሴን የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነው። ሰው በገዛ ዓይኑ ያየውን እንዴት አላየሁም ይላል? እውነቱን ልንገርህ፣ ይህ ነገር ከወፉ ይልቅ ይገርመኛል። በመጀመሪያ ፍርሃት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ዓምና በፕላስቲክ የሳቁብኝ ሰዎች ዘንድሮ ደግሞ ከዋልታ ወፍ አመጣች ሊሉኝ ነው አልኩ። ይህም እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ግማሹ ቅናት ነው። ቀድሜ አይቼው ለመናገር ፈራሁ፤ አፌን ሳልከፍት አንተ ተናገርክ፤ ወፉም የአንተ ሆነ። ያን ጊዜ «ምኑን?» ያለችው ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ልደብቃት አልፈልግም።

በኦክቶበር ከማኅበሩ ማስታወቂያ መጣ። አንድ ምስክር ብቻ ያላቸው የቆዩ ብርቅ ወፎች ሁሉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሁለተኛ ምስክር ካልተገኘላቸው ከመዝገብ ለዘለዓለም ይሰረዛሉ ይላል። ዝርዝሩን ሳወርድ ስምህን አገኘሁት፣ ወደባችንንም፣ ቀኑንም። አንድ ሳምንት ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ሰነበተ። ስበላም አየዋለሁ፣ ስጠጣም አየዋለሁ። በስምንተኛው ቀን ቁጭ ብዬ ያየሁትን አንድም ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩ። ያን ዕለት አላየሁም ማለቴ ውሸት ነበር ብዬም ጻፍኩ። ፖስታ ቤት ከትቼው ስወጣ እግሬ ቀለለኝ። ጨረስኩ ብዬ ነበር። ሞኝ።

ባለፈው ሐሙስ የማኅበሩ ጸሐፊ ቬሲላ መልስ ላከችልኝ። የሁለታችንን ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጠው አይተውታል። እግሩ፣ የመንቁሩ ጫፍ፣ በክሬኑ መዞሩ፣ በግራ ክንፉ ማጋደሉ ሳይቀር አንድ ነው። እንዲህ የሚገጥም ምስክርነት አይተን አናውቅም ትላለች። ይህን ሳነብ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ። ቀጥላ ግን ልንቀበለው አልቻልንም አለችኝ። ምክንያቱን እንዳየው ያንተን ቅጽ ቅጂ አያይዛልኝ ነበር።

የእጅ ጽሑፍህን ካየሁ ስንት ጊዜዬ። ከታች «ሁለተኛ ምስክር የሌለው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። አንተ እንዲህ ብለህ መልሰሃል፦ «ባልደረባዬ ሚልካ በዚያች ሰዓት ከፔርሙዙ ሻይ ለመቅዳት ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ነበር። ልታየው የምትችልበት መንገድ አልነበረም። ምንም ጥፋት የለባትም።»

ሻይ አልነበረም፣ ጌንቾ። ፔርሙዙን ከመብራት ማማው ሥር ጨርሰነው ነበር። እንኳን ልቀዳ፣ እጄም ከመነጽሩ አልወረደም። አንተም አይተሃል።

አንተ እኮ «ሦስት መቶ ገደማ» ብዬ ስለጻፍኩ በዝናብ መልሰህ ያስቆጠርከኝ ሰው ነህ! በመዝገብህ ውስጥ አንድ የውሸት ቁጥር የለም። በሕይወትህ በቆጠራ ቅጽ ላይ አንድ ውሸት ጻፍክ፤ እሱም ለእኔ ነው። ማንም ወደፊት «ይቺ ሴት የት ነበረች?» ብሎ እንዳይጠይቅብኝ በሩን ዘግተህልኝ፣ አንተ ብቻህን ውጭ ቀረህ። እኔ ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ የደበቅኩህ መስሎኝ። ወረቀቱን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በጣም ነው ያፈርኩት። በጣም ነው የናፈቅኸኝ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚመጡ አላውቅም፤ ግን አብረው መጡ።

ቬሲላ ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው፣ የትኛው እንደሆነ አሳውቁን ትላለች። ቀኑ እስከ ዲሴምበር ሠላሳ አንድ ነው። ዝም ካልኩ ወፉ ይሰረዛል፤ ያም እንደገና አላየሁም እንደ ማለት ነው። የሻዩ ነገር ውሸት ነው ብዬ ብጽፍ ደግሞ ውሸታም የምትባለው አንተ ነህ፣ ያውም በጽሑፍ። ይህን ያለ ፈቃድህ አላደርገውም። ባንተ ላይ አንዴ ብቻዬን ወስኛለሁ፤ ይበቃኛል።

ስለዚህ ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ በዶብሪች በኩል እመጣለሁ። አትምጪ እንዳትለኝ፤ ቲኬቱን ቆርጫለሁ። ሮሲ፣ ምንም እንዳታዘጋጂ፤ የዲንኮን ዓሣ ይዤ እመጣለሁ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ብቻ አስቀምጪልን። አንተ ትናገራለህ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ከዚያ መልሼ አነብልሃለሁ። አልፈልግም ካልከኝ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ እከተዋለሁ፤ ዓሣችንን በልተን ዳኑብን ሳላይልህ አልመለስም።

እሺ ካልከኝ ግን ሁለት ፊርማ ነው የሚያስፈልገን። አንተ ለእኔ ስትል ዋሽተሃል፤ ለዚያ ትፈርማለህ። እኔ ባንተ ላይ ዋሽቻለሁ፤ ለዚያ እፈርማለሁ። ወፉን ከዚያ በኋላ ቢቀበሉት ባይቀበሉት የእነሱ ጉዳይ ነው። የምትፈርምበት መስመር የት እንዳለ ካልታየህ እጅህን ይዤ አሳይሃለሁ።

ምስክርህ፣
ሚልካ
ካቫርና