የጥበቃ ቤት ጣሪያ ስለሆነው የአውሮፕላን ክዳን

ለተከበሩት የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤ ስምዎን ያልጻፍኩት ለክብርዎ ብዬ ነው።

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ልጆችዎስ? እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። አሁንም ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ብረት እበይዳለሁ፤ ይህን ደብዳቤም በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኩት ፊደል ጽፌ፣ እርስዎ ሥራ ቢበዛብዎ ሕዝቡ እንዲያነብልዎ ብዬ የቢሮዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

እንደሚያውቁት በጓሮዬ ሁለት ሰው የሚይዝ አውሮፕላን እሠራለሁ። ባለቤቴ ኤቢሴ በእንጭኒ ያለውን የአባቷን መሬት ከላይ ማየት ትፈልግ ነበር። አብረን የሠራነው የመጨረሻው ነገር በተቀማጮቹ አናት ላይ የሚገጠመው፣ ብርጭቆ የሚመስለው የፕላስቲክ ክዳን ነው። አምቦ ከተማ፣ ወይዘሮ ዶርቃስ ዳቦ ቤት ወስደን በዳቦው ምድጃ አለሰለስነውና በእንጨት ቅርጹ ላይ አለበስነው። ኤቢሴ ሳይቀዘቅዝ ልጫነው ብላ በነጠላዋ ጫፍ ብትይዘው፣ የነጠላው ድርና ማግ ፕላስቲኩ ላይ ታትሞ ቀረ። አበላሸሽው ብዬ ተቆጣኋት። በሦስተኛው ወር አረፈች።

ከዚያ ወዲህ ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ለምርመራ ተብሎ ክዳኑ ብቻ ስለተወሰደልኝ አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ ምልክቱን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ኦቦ ጉርሙ፣ ይሄ ሻሽ ነው አውሮፕላን?» ብለው ሰውን አሳቁልኝ፤ ቅጹም ላይ «ጥራት የጎደለው» ብለው ጻፉ።

፪ኛ. ክዳኑ መጋዘን ውስጥ ብቻውን እንዳይተክዝ አስበው የበር ጥበቃው ቤት ጣሪያ ስላደረጉት ገለቶማ፣ ይስጥልኝ። ብቻ እንዲህ ያለው ፕላስቲክ የመሰርሰሪያው ፑንታ ደነዝ ተደርጎ በቀስታ ነው የሚበሳው፤ በደጋው ብርድ ስለሚኮማተርም ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ይላል። የእርስዎ ሰዎች በስለታም ፑንታ በስተው ብሎኑን እንደ ትራክተር ጎማ አጠበቁት። በጥቅምት ተሰነጠቀ። ስንጥቁ የነጠላው ምልክት ጋ ሊደርስ አራት ጣት ቀርቶታል።

፫ኛ. ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ ስመጣ ከወንበርዎ ተነሥተው፣ «አባባ፣ ለዚህ አሮጌ ነገር ምን አስጨነቀዎት፣ አዲስ ይሥሩ» ስላሉኝ ጌታ ይባርክዎ። አዲሱንማ እሠራለሁ፤ እጄ አልሞተም። ልብሷን ግን እንደ ደንቡ ለእህቶቿ ሰጥቻለሁ፣ ፎቶ መነሣትም አትወድም ነበር። እጇ ያረፈበት ሆኖ የቀረኝ ያ አሮጌ ነው። ስንጥቁ ሳይደርስበት ይመለስልኝ።

ዕዳዬን ማንም እንዳይከፍልልኝ እዚሁ እጽፈዋለሁ። ለዶርቃስ፣ በእኛ ምክንያት ሳይጋገር የዋለው የአንድ ቀን ዳቦ፤ ምድጃዋን አድስላታለሁ። ለጥበቃው ለኤጄታ፣ ክዳኑን ስፈታ ዝናብ ላይ እንዳይቀር በእጄ የምመታለት የቆርቆሮ ጣሪያ። ለኤቢሴ፣ ያን ቀን የተናገርኳት ቃል። ይህኛውን እንዴት እንደምከፍለው አላወቅሁም፤ ቢሆንም የራሴ ነው።

ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣
ጉርሙ ባይሳ፣ ብረት በያጅ

ሳልረሳው፦ ክዳኑ የተወሰደው ለምርመራ ነበርና ውጤቱ ደርሶ እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። እስከ ጥቅምት ድረስ ዝናብ እንዳላስገባ ግን ኤጄታ ነግሮኛል።