ለሁለቱም ቡድን በጀ ስለተባለው የክራውደር ልውውጥ

ለክቡር አቶ ፕሬስኮት ሃይንማን
የመስታወት ሠሪዎች የቅርጫት ኳስ ቡድን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቶሊዶ፣ ኦሃዮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እላለሁ። ጥርስዎ ሙሉ፣ ጎድንዎ ያልተነካ፣ እንቅልፍዎም የጣፈጠ መሆኑን ጋዜጣ ላይ ከወጣው ፈገግታዎ ተረድቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። እኔ አራት ጥርሴ ረግፎ፣ ሦስት የጎድን አጥንቴ ተሰብሮ፣ ስተነፍስ እንደ አሮጌ ወናፍ እያፏጨሁ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው የምጽፍልዎት፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ በትልቅነትዎ ይቅር ይበሉኝ።

ስሜ ዋልተር ባስኮምብ ይባላል። በአዳራሽዎ ምድብ አሥራ አራት ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለተመልካች ወንበር ሳሳይ ኖሬአለሁ። በፊቴ ስንት ጊዜ እንዳለፉ አልቆጠርኩም። ሰላም ያሉኝ ግን አንድ ቀን ነው፤ እሱም ለካ ከኋላዬ ለቆመው የቢራ ፋብሪካ ባለቤት ኖሯል።

ባለፈው ረቡዕ ለጋዜጠኞች “ሌንዝል ክራውደርን ለታኮማ ሰጥተን ቶማስ ኦከርልንድን መውሰዳችን ሁለቱንም ቡድን ጠቅሟል” ማለትዎን አነበብኩ። ጥቅሙን በዓይኔ ያየሁ፣ በጎድኔም የተቀበልኩ ሰው ነኝና ምስክርነቴን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰጡኝ ክብር አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ዓመት ከተማውን በትከሻው የተሸከመ ተጫዋች መሸኘቱን የሚያረዳ ሰው ሲፈለግ፣ ከመላው መሥሪያ ቤት የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ውሉ በተፈረመ ማግስት፣ ጠዋት፣ ጸሐፊዎ ወደ ተጫዋቾች በር ላኩኝ።

“ክራውደር ሲመጣ እንዳታስገባው፤ ተለውጠሃል በለው” አሉኝ።

“እኔ? ወንበር አሳዩ?”

“አቶ ሃይንማን ስብሰባ ላይ ናቸው።”

ክራውደር ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ እንደ ወትሮው እየሳቀ መጣ። “አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬም አለህ?” አለኝ።

“እኔስ አለሁ ሌኒ፤ አንተ ነህ የሌለኸው” አልኩት። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቴን ሲያየው ሳቁ ከላዩ ላይ እንደ ቆዳ ተገፈፈ።

“ሰውየው ራሱ አፍ የለውም?” አለና በቡጢ የበሩን መስታወት መታው። ቡጢው መስታወቱን በስቶ ወጣ፣ ሲመለስም ሥጋውን ይዞ ተመለሰ። ደሙ ግድግዳውንና ሸሚዜን አለበሰው። እርስዎ በደንብ ልብሳችን ላይ የግድ ይሁን ባሉት ክራባት የእጁን አንጓ ጥፍንግ አድርጌ አሰርኩት፤ ስለዚህ ክራባቱ ምን ይሠራል እያልኩ ሳጉረመርም የኖርኩትን አንሥቻለሁ። ሁለት ጅማቱ ተበጥሶ ነበርና ታኮማዎች የተረከቡት ቀኝ እጁ የተሰፋ ኮከብ ነው። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አንድ ኳስ አልወረወረላቸውም። የእነሱን ጥቅም ከዚህ ይጀምሩልኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ካልተናገርኩ ሽበቴ ይታዘበኛል፤ ቢጠይቁኝ ኖሮ ልውውጡን አልቃወምም ነበር። ክራውደር ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። በእረፍት ሰዓት መተላለፊያው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ ጉልበቱን ሲያሽ አይቻለሁ። ኦከርልንድ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ከቅርጫቱ ሥር የወደቀ ኳስ አያመልጠውም። እኛ ወጣት ጉልበት፣ ታኮማ ደግሞ ልምድ ያገኝ ነበር። የጎደለው ነገር አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ስልኩ ደግሞ፣ ክቡርነትዎ፣ ጠረጴዛዎ ላይ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ዝምታዎ አመሰግናለሁ። አሥራ አንድ ቀን ምንም ሳይናገሩ ሲቀሩ ከተማው የራሱን ወሬ ፈጠረ። ኦከርልንድ “ክራውደር ካልወጣ አልመጣም” ብሏል ተባለ። ልጁ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ አልወጣም። እርስዎም ያውቃሉ። ወሬውን ያስተባብላሉ ብለን ስንጠብቅ በየመብራት ምሰሶው ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ “ክራውደርን ያስወጣው ሰው እሑድ ይጫወታል! ኑና እዩት!” ይላል። ሕዝቡ ታዛዥ ነውና መጣ። ግማሹ ኪሱን በብሎንና በባትሪ ድንጋይ ሞልቶ ነበር የመጣው።

ሦስተኛውን አጠር ባደርገው እወድ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ ጨዋታው ሳይጋመስ በኋላ በር ስለወጡ ያመለጠዎትን ማየት መብትዎ ነው።

ኦከርልንድ ገና ስሙ ሲጠራ ብሎን ዘነበበት። አንዱ ቅንድቡን ተረተረው። ደሙን በማልያው እየጠረገ ሃያ ደቂቃ ተጫወተ፤ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ከቅርጫት ሥር አሥራ አንድ ኳስ ነጠቀ። ተቀይሮ ወጥቶ ቁስሉ ሲታይለት አንድ ሰው የሚታጠፍ ወንበር በሁለት እጁ አንሥቶ ከምድቤ ወደ ሜዳው ዘለለ።

ሰውየውን አውቀዋለሁ። ዱዌይን ስቶልዝ ነው፤ የመስታወት ፋብሪካ ምድጃ ሠራተኛ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ፣ በመጣ ቁጥር “ጋሼ ዋልተር፣ የባለቤትዎ ጉልበት ተሻላቸው?” ሳይለኝ የማያልፍ ጨዋ ሰው። ሮጬ ልጁ ፊት ቆምኩ።

“ዱዌይን! እኔ ነኝ!”

“ዞር ይበሉ ጋሼ!” አለኝ። በዚያች ሰዓት እንኳ አንቱታውን አልረሳም። ወንበሩ ጎድኔን ሲመታኝ በውስጤ ደረቅ እንጨት የተሰበረ መሰለኝ። ሁለተኛው አፌን አገኘው። ወለሉ ላይ ሆኜ ያየሁትን ልንገርዎት፤ ኦከርልንድ አግዳሚውን ተሻግሮ ስቶልዝን በአንገቱ አነቀ፣ እንደ ዱቄት ከረጢት አንሥቶ የውጤት መዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ፈጠፈጠው፣ ጠረጴዛው ለሁለት ሲከፈልም በላዩ ላይ ተቀምጦ ደበደበው። መንጋጋው ሲሰበር ሰማሁ። “በቃ፣ ትገድለዋለህ!” ብዬ ጮኽኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን ደም ብቻ ነበር። አራት ሰው ጎትቶ አላቀቀው።

ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ። በዚያው ሰው በደበደበበት እጁ ወለሉን እየዳበሰ የሚለቅመው ነገር ነበረው።

“አባባ፣ በኃይል አይተንፍሱ። ሦስቱን ጥርስ አግኝቻለሁ፤ ስንት ነበር?” አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ በአዳራሽዎ ሃያ ሰባት ዓመት ስሠራ የጎደለኝን የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

በማግስቱ ኦከርልንድ “ሥነ ሥርዓት የጎደለው” ተብሎ ከሃያ ጨዋታ ታገደ፤ ለእኔም “ያለ ፈቃድ ምድብዎን ለቀው ሜዳ በመግባትዎ” የሚል የስንብት ደብዳቤ ደረሰኝ። ማኅተሙ እጅግ ያምራል።

ስቶልዝ የተኛው ከእኔ ሁለት ክፍል አልፎ ነው። ትላንት ከሰዓት በኋላ ግድግዳ እየያዘ መጣ። መንጋጋው በሽቦ ስለታሰረ በጥርሱ መሃል እያፏጨ ነው የተናገረው። “ጋሼ፣ ማስታወቂያውን አምኜ ነው። እሱ ነው ያስወጣው ብለው ለጠፉልን እኮ” አለ። ብርጭቆዬን ግንባሩ ላይ ልሰብረው አንሥቼ ነበር፤ ጎድኔ ከለከለኝ። ከዚያ ትልቁ ሰውዬ ቆሞ ሲያለቅስ አየሁና ብርጭቆውን አስቀመጥኩት። ወንበር ሳብና ተቀመጥ አልኩት፤ ተቀመጠ። እስኪመሽ አብረን ቆየን።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ክራውደር ከታኮማ ደወለ። “አንተ ሽማግሌ፣ የእኔ ስፌት ሳይፈታ አንተን ሰፉህ አሉ?” ብሎ ቀለደ። “ያን ልጅ ንገረው፤ እኔን ያስወጣኝ እሱ አይደለም። ባየው እጁን እጨብጠዋለሁ፣ በግራዬ” አለኝ። ኦከርልንድ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስልኩን አቀበልኩት። “አቤት፣ ጌታዬ” አለ፣ አዳመጠ፣ ከዚያ ያ ግንብ የሚያህል ልጅ ፊቱን በፋሻ በተጠቀለለ እጁ ሸፈነ።

እንግዲህ ሂሳቡ ይኸው ነው። ታኮማ እጁ የተሰፋ ኮከብ፣ እኛ የታገደ ወጣት፣ ከተማው አንድ የተሰበረ መንጋጋ አገኘን። ሁለቱም ቡድን እኩል ተጠቅሟል ያሉት በዚህ መንገድ ከሆነ እጄን ሰጥቻለሁ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ኦከርልንድ ማንንም አላስወጣም” የሚል አንድ መስመር በስምዎ ያሳትሙ። ከከበደዎት ግድ የለም፤ ይህ ደብዳቤ ነገ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ራሴ ተናግሬዋለሁ።

ስምዎን ባነሣሁ ቁጥር ጎድኑን የሚይዘው፣ በቀሩት ጥርሶቹ ሁሉ የሚያመሰግንዎት፣ ትሑት የቀድሞ አገልጋይዎ፣

ዋልተር ባስኮምብ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ጸሐፊዎ ደውለው፣ የስንብቱ ደብዳቤ “በስህተት” እንደተላከና በመጪው ጨዋታ በሜዳው መሃል እርስዎ ራስዎ ሜዳሊያ እንደሚያጠልቁልኝ አበሠሩኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ቆሜ መሄድ ስለማልችል ሜዳሊያውን በእኔ ስም እንዲቀበል ዱዌይን ስቶልዝን ወክያለሁ። ንግግር አይጠብቁበት፤ መንጋጋው ገና አልተፈታም። እጁ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው።