የሳሮን ጃኬት

እሁድ፣ ከቀኑ 9፡00
ደብተሬ፣ ከአምልኮ በኋላ ወንበር ሳጥፍ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ወንድም ዳንኤል ጠራኝ። የቤ/ክ ጸሐፊ መሆን እንዲህ ነው፤ ሰው ምሳ ሲበላ እኔ ስብሰባ። የስዊድን መንግሥት ሕግ ሊያወጣ ነው። ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅርን ሰው በሕክምናም ሆነ በጸሎት ስም አስገድዶ «እንለውጥህ» ማለት ሊከለከል ነው። አስተያየት ያለው ይጻፍ ተብሏል። ሽማግሌዎቹ ሊቃወሙ ተስማምተዋል። ረቂቁ የእኔ ሥራ፤ ስዊድንኛዬ ከእነሱ ይሻላል። እንዲህ በይበት አሉኝ፦ በእኛ ቤ/ክ ማንም ተገዶ አያውቅም። ምንም ሳይመስለኝ ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ማታ 1፡30
ረቂቁ ለጸሎት ቡድኑ ተነበበ። እትዬ አስቴር እጃቸውን አነሱ። ሰባ ያለፋቸው፣ የቡድኑ መሪ፣ ሁላችንም የምንፈራቸው።
«ይኼ ውሸት ነው። ሳሮንን አስገድደናታል።»
 ደብተሬ፣ ይኼን ለአንቺም ነግሬሽ አላውቅም። ሳሮን ዘማሪያችን ነበረች። ያኔ ሃያ ዓመቷ፤ አሁን ስምንት ዓመት ሆነው። ሴት እንደምታፈቅር ለእናቷ ተናገረች፤ እኛ ደግሞ ጋኔን ነው አልን። ጥር ላይ፣ ቤ/ክ ምድር ቤት፣ ሦስት ቀን ጾም ጸሎት። እየጮኽንባት። እንዳትወጣ ጃኬቷ ተደበቀ። በሦስተኛው ቀን በሹራብ ብቻ በረዶው ውስጥ ወጣች። አልተመለሰችም።
ወንድም ዳንኤል በፍቅር ነው ያደረግነው አለ። እትዬ አስቴርም አዎ፣ በፍቅር ነው፣ ልጅቷ ግን ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን እንቅልፍ አጥታለች አሉ። አምና አሁን የምትኖርበት ሰፈር፣ ሄሰልቢ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋታል። ለማንም ሳይናገሩ! እኔ የሄሰልቢ ባቡር ሲመጣ ፊቴን አዞራለሁ።

ሐሙስ፣ 11፡00
ከዮርድብሩ፣ ከምሠራበት መጋዘን፣ ቀጥታ እትዬ አስቴር ቤት። የራሳቸውን ደብዳቤ ሊልኩ ነው፣ ሕጉን ደግፈው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ በስዊድንኛ እጽፋለሁ። ሽማግሌዎቹ ትናንት ማታ ከቡድኑ መሪነት አንስተዋቸዋል፤ በስልክ። ዕድሜ ልካቸውን ያገለገሉበትን! አላለቀሱም። ሕጉ ያሳስረኛል ወይ አሉኝ። ወደ ኋላ ሄዶ የሚሠራ አይመስለኝም አልኩ። ካሰረኝም የደም ግፊት መድኃኒቴን ይዤ እገባለሁ አሉ። ሳቅን። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እግራቸው ላይ ብወድቅ ደስ ባለኝ።
ከዚያ አስጻፉኝ፦ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ዘይት የቀባኋት እኔ ነኝ። በቃኝ ስትል ድምፄን ከፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጃኬቷን የደበቅኩት እኔ ነኝ።
ጣቴ ቆመ። ደብተሬ፣ ጃኬቷን የደበቅኩትስ እኔ ነኝ፣ እሳቸው አይደሉም። ያውቃሉ፤ አጠገቤ ነበሩ። ቀና ብዬ አየኋቸው።
«ጻፊ» አሉኝ። «አንቺ ልጆች አሉሽ።»
ጻፍኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡00
ደብዳቤው ሰኞ ነው የሚላከው። ዕቃ ማስቀመጫችን ወረድኩ። ከልጆቹ የበረዶ መንሸራተቻ ጀርባ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የሳሮን ጃኬት። መጣል አልሆነልኝም ነበር። አረንጓዴ ነው። ኪሱ ውስጥ ጓንቶቿ፣ ሁለቱም። ለካ ጓንትም አልነበራትም! ያን ቀን እግዚአብሔርን ያገለገልኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ይኼን ሳስብ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።
ትልቋ ልጄ ፈልጋኝ ወረደች። አሥራ አምስት ዓመቷ። ሁሉን ነገርኳት፣ በአማርኛ። እሷ እንደ ልማዷ በስዊድንኛ መለሰች፦ የእኔንም ትደብቂው ነበር?


በዚያው ዕለት፣ 5፡00
ያችን የጃኬቷን ዓረፍተ ነገር ከእትዬ አስቴር ቃል ውስጥ አወጣኋት። ከሥሩ በራሴ ስም አንድ አንቀጽ ጨመርኩ፦ ጃኬቷን የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ሕጉ ቢኖር ባልደፈርኩም ነበር፤ ሕጉ ይውጣ። ደውዬ ነገርኳቸው።  ከዚያ፣ «ሄሰልቢ አብሬሽ ልምጣ?» አሉኝ። ብቻዬን እሄዳለሁ አልኩ። የሳሮን ስም ደብዳቤው ውስጥ የለም፤ ቢሆንም ሳላነብላት አልልክም። አትላኪ ካለች ይቀራል። ፊት ከነሳችኝም ጃኬቱን በር ላይ ትቼ እመለሳለሁ።
ጃኬቱ ያለበት ከረጢት ተዘጋጅቷል። ልጄ በሩ ጋ ቆማ የእኔን ጃኬት ዘርግታ ይዛልኛለች። ልሂድ።