በጆሮ የሚነገር ልኬት

ልጄ፣ ፈጣሪ በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ለስፌት ቤታችን ኮድ መጻፍ ሳያስፈልግ ይገጣጠማሉ ያልሽኝን፣ የደንበኛ ልኬት የሚመዘገብባቸውን ሁለቱን ዳታቤዞች ከእህትሽ ጋር ሞከርናቸው። እኔን መልክ አታለለኝና ያማረውን መረጥኩ። ደንበኛ ልብሱ መድረሱን በስልኩ የሚያይበትን ፖርታል ስንከፍት፣ ለካስ ሁሉም የሁሉንም ልኬት ያያል! ጎረቤታችን ነርሷ እየሳቀች መጥታ፣ "ጋሼ፣ የዳቦ ጋጋሪው ወገብ እውነት ይሄን ያህላል?" አለችኝ። ሰውዬው ከኋላዋ ቆሞ ኖሯል። ለስፌት የሰጠንን ጨርቅ ይዞ ወጣ።

እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሰው ስትለካ ቁጥሩን ጮክ ብላ አትጠራም ነበር። በጆሮዬ ሹክ ትለኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። "የሰው ገላ አደራ ነው" ትል ነበር። ስለዚህ መልክ የሌለውን፣ ግን ለእያንዳንዱ የራሱን ብቻ የሚያሳየውን ያዝን። ጋጋሪውን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። "እሷ ብትኖር ይሄ አይደርስም ነበር" አለኝና ጨርቁን መለሰልኝ።

ለአንቺም እዚያው ዳታቤዝ ላይ ቦታ ከፍቼልሻለሁ። በቪዲዮ ሳይሽ የከሳሽ መሰለኝ። እባክሽ ልኬትሽን ሳትዋሺ አስገቢልኝ፣ ኮት ልሰፋልሽ ነው። ከእኔና ከፈጣሪ በቀር ማንም አያየውም።

እሱ በክንፉ ይጋርድሽ።

አባትሽ