አሥር ሺህ በአባባ ሚዛን

እኔ ስሜ ከታች የተጻፈው ታናሽ እህትሽ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ አእምሮዬም ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ የሚከተለውን ጥፋት አምናለሁ፦ ይህ ወረቀት ትናንት አባባ ሲያንቀላፉ ከቦይለር መዝገባቸው መጨረሻ ላይ የተገነጠለ ነው። አያታችን ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመት ቢሆናቸውም ባዶ ገጾቹን ዛሬም እንደሚቆጥሩ ታውቂያለሽ። ፍርዱን ለአንቺ ትቻለሁ።

እታለም፣ እንዴት ሆነሽልኛል? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ ተሻለው ወይ? አለቃሽስ ዛሬም ፊቷ አልተፈታም? እኛ ደህና ነን ብዬ እንድጽፍ እማዬ አዝዛኛለች፤ ደህና ነን። ትእዛዙን ፈጸምኩ፤ አሁን እውነቱን ልንገርሽ።

ለሥራ ስትሄጂ ለአባባ ክፍል የገዛሽው ማሞቂያ ግድግዳው ላይ አለ፤ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ባለፈው «አባባን ሞቃቸው ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂ እማዬ «በደንብ እንጂ!» ብላ የመለሰችልሽ እንዳታስቢ ብላ ነው። ከተሰቀለ ጀምሮ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠርቶ አያውቅም። እማዬ ታበራለች፣ አባባ ያጠፋሉ። ሲሰለቻቸው ካቻቢቴ አምጥተው ስፒናውን ከገመዱ ፈቱና ኮት ኪሳቸው ከተቱት። እማዬ ሌላ ስፒና ገዝታ አስገጠመች፤ እሱንም ፈቱት። አሁን ሲሄዱ ኪሳቸው ቀጭ ቀጭ ይላል።

ሦስት ሹራብ ደርበው እንደ ሽንኩርት ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። ሳል ግን ሹራብ አይፈራም። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ፣ ክፍሉ ካልሞቀ ሳሉ ወደ ሳንባ እንደሚወርድ፣ በእሳቸው ዕድሜ ደግሞ ከዚያ መነሳት ከባድ እንደሆነ ነገረን። ስለዚህ እማዬ ከስፌት መኪናዋ እየተነሳች፣ እኔ ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ፣ ፍል ውኃ በጠርሙስ ሞልተን እግራቸው ሥር እናመላልሳለን። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነን። ትናንት እማዬ ከድካም ብዛት የተሰካውን ክር ሳታይ በዚያው መርፌ ሌላ ክር ልታስገባ ስትታገል አየሁና ሳቅሁባት። ጎንበስ ስል እኔም ካልሲዬን ገልብጬ ትምህርት ቤት ደርሼ ተመልሻለሁ።

ለምን ያጠፋሉ ትዪኝ ይሆናል። ትልቁ ኑዛዜ እዚህ ላይ ነው። ማሞቂያው በተሰቀለ ማግስት አባባ መነጽራቸው ጠፍቷቸው (ግንባራቸው ላይ ነበር) በጎኑ ያለውን ጽሑፍ እንዳነብላቸው ጠሩኝ። «አሥር ሺህ» አልኩ። «አሥር ሺህ ኪሎ ካሎሪ በሰዓት?» አሉ። ከቁጥሩ አጠገብ ያለው ቢቲዩ ነው የሚለው። ያኔ ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ብቻ ንግግራቸውን ለመስማት ብዬ «ሌላ ምን ሊሆን ነው አባባ!» አልኳቸው።

ንግግሩም መጣ። አርባ ዓመት የልብስ ማጠቢያ ቤቱን ቦይለር ያነደዱ ሰው አይደሉ! «ሃያ ሺህ ኪሎ ካሎሪ መቶ አንሶላ ያደርቅልኝ ነበር። ይቺ የጫማ ሳጥን የዚያን ግማሽ ልታወጣ? ወይ ውሸታም ናት፣ ወይ ቤት አቃጣይ! የልጅ ልጆቼን ይዤ አልነድም!» አሉ። በሳቅ ፈረስኩ። ድምፃቸውን እያስመሰልኩ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ። ከዚያ ሳሉ መጣ፤ ሳቄም ያኔውኑ ደረቀ።

የፊዚክስ መምህራችንን ጠየቅሁት። እሱ ከጁል በቀር የሚያምነው ነገር የለም፤ ቢቲዩ ሲሰማ «የነጋዴ ቋንቋ!» ብሎ አፍንጫውን ነፋ። ቢሆንም መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ አሳየኝ። አንድ ቢቲዩ አንድ ሺህ ሃምሳ አምስት ጁል ነው፤ አንድ ኪሎ ካሎሪ ደግሞ አራት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ አራት። አካፈልኩት፤ አራት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ስለዚህ ማሞቂያሽ በአባባ ሚዛን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ደረጃው ሥር ባለው የመብራት ቆጣሪ ቋንቋ ደግሞ ሦስት ኪሎዋት አይሞላም። አንዱን ሙቀት በአራት ስም እየጠራን እኛ መሃል ላይ እንንቀጠቀጣለን።

ዛሬ ጠዋት ሰንጠረዡን ይዤ ገባሁ። አባባ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። «ወረቀት የጫኑበትን ሁሉ ይሸከማል። ሙቀት የሚለካው በውኃ ነው፤ አንድ ኪሎ ውኃ፣ አንድ ዲግሪ፣ አንድ ኪሎ ካሎሪ። የዚህስ ውኃው የታለ?» አሉኝ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ብዬ ልወጣ ነበር፤ ክንዴም ዝሏል። ግን ጠርሙሱ እጄ ላይ ነው። «የእነዚህ ቢቲዩ የሚሉት ሰዎች መለኪያም ውኃ ነው አባባ፤ ብቻ አንድ ፓውንድ ውኃ ነው» አልኩና ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ውኃ ቀድቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። «ዲግሪያቸውም ትንሽ ነች። ውኃ በረዶ ከሚሆንበት እስኪፈላ እኛ መቶ ስንቆጥር እነሱ መቶ ሰማንያ ይቆጥራሉ።»

እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አነሱ። «ግማሽ ያህል ውኃ፤ ግማሽ ያህል ዲግሪ...» ብለው ማስላት ጀመሩ። የግማሽ ግማሽ ስንት እንደሆነ ለቦይለር ሰው አይነገርም።

ከዚያ ቀና ብለው «ያኔ ስታነቢልኝ ኪሎ ካሎሪ ነው አላልሽኝም?» አሉ። ሺህ ማምለጫ ባውቅም እውነቱን መረጥኩ። «አይልም ነበር። እንዲያወሩ ብዬ ነው፤ ሲያወሩ ስለሚያስቁኝ» አልኩ። ቢቆጡ በተሻለኝ። «ውጪ» አሉ፤ በቃ፣ ይህችን ብቻ። ይኸው ኩሽና ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ፤ ከክፍላቸው ከሳል በቀር የሚሰማ የለም።

እማዬ አይኗን እያሸች ጉንጭሽን ሳመችልሽ። ድመቷ የአባባ ሹራብ ውስጥ ገብታ ደህና ናት፤ ከቤቱ የሚሞቃት እሷን ብቻ ነው። የአባባን ሰላምታ ግን ልጠይቅ ፈርቼ...

ቆይ፣ እየጠሩኝ ነው። «ፌንጣ! አንቺ ፌንጣ! የዛሬውን ሙቀት ላሰፍር መዝገቤን ብከፍት አንድ ገጽ የለም! ነይ ወዲህ! ስትገቢም በሩን ቶሎ ዝጊው፣ ሙቀቱ ወጥቶ አለቀ!»

ፌንጣ
ከኩሽናው ጠረጴዛ፣ ጥር 19 ቀን