የሳቅሽበት ስም

ኮሎምበስ፣ ኅዳር 2014

ለምወድሽ እናቴ፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። ስኳርሽ እንዴት ነው? ለቅሶ ቤት ማስክሽን አውልቀሽ እንደምትቀመጪ ሰምቻለሁ፤ ተይ እማ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በስልክ ስንነጋገር አፌን ስለምታስይዢኝ ጻፍኩልሽ፤ ደብዳቤውን ጓደኛዬ ሲቲ ታደርስልሻለች።

ላገባው የፈለግኩትን ልጅ ስም የነገርኩሽ ዕለት ሳቅሽ። ኑርሁሴን? አሜሪካ ድረስ ሄደሽ ያገኘሽው የወሎ ባላገር ነው ወይ አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ስሙን አንስተሽ አታውቂም። ያለ አባዬ ፈቃድ ኒካህ አይታሰርም፣ አባዬ ደግሞ ካንቺ ቃል አይወጣም ብለሽ ተማምነሻል።

አፐር አርሊንግተን የሚባል ሰፈር የምንከባከባቸው ሽማግሌ የኦሃዮ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ስማቸው ሪቻርድ ነው። እግራቸውን እያሸሁ ይህን ባጫውታቸው ከት ብለው ሳቁ። አማታቸው እስኪሞቱ ድረስ «ሂክ» ነበር የሚሏቸው። ገጠሬ፣ ከተማ ያላየ፣ ነገር የማይገባው ማለት ነው። ድሮ እንግሊዝ አገር ግን ሪቻርድ የተባለ ልጅ ቤቱ ሲቆላመጥ ሂክ ይባል ነበር አሉኝ። ስሙ ገበሬው ዘንድ ስለበዛ ከተሜው ከገጠር የመጣውን ሁሉ ሂክ ይለው ጀመር፤ የእናት ቁልምጫ ስድብ ሆኖ ቀረ። ባላገርም እኮ አገር ያለው ማለት ነበር እማ።

አማትየው ሠርጋቸው ላይ ድርሽ አላሉም። ሽማግሌው ስድቡን ረስቼዋለሁ፣ ፎቶው ላይ ያለው ባዶ ወንበር ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል ይላሉ።

ኑርሁሴን ካናል ዊንቸስተር የሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። ኮሮና ይዞኝ ቤት ዘግቼ የተቀመጥኩ ጊዜ በየቀኑ አጥሚት ሠርቶ ደጃፌ ላይ ያስቀምጥና መኪናው ውስጥ ሆኖ እጁን አወዛውዞልኝ ይሄድ ነበር። አጥሚቱ ጓል በጓል ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ሌላ ሰው ዝር አላለም። ስትስቂ ያመመኝ ለዚህ ነው። እናቴ ነሽ፣ እወድሻለሁ፤ በዚህ ነገር ግን ልቤ ቆርጧል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። አባዬ ባለፈው አርብ የዒድ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ወጥቶ፣ ኢማሙ ቤት ከእኛ ጋር በስልክ አምሽቶ ገብቷል። ዓይኑ ለምን ቀላ ብትዪው ብርድ ነው ብሎሽ ይሆናል። እባክሽ አትቆጪው።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ዱዓሽ አይለየን።

ልጅሽ