ለእናትሽ ያላነበብኩላት መስመር

ሐዋሳ፣ ታቦር
መጋቢት 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለክርስትና ልጄ፤

እንደምን አለሽ ልጄ? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ልጅሽስ? ሴት መሆኗን የሰማሁት ከሰው ነው፤ ስሟን ስለማላውቀው «ትንሿ» ብዬ ሰላም እላታለሁ። የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳገት ሲያይ ከሚያጉረመርመው ጉልበቴ በቀር ሕመም የለብኝም። እናትሽም ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት እንዳትደነግጪ ብዬ ነው፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ከዚህ ሰፈር የሚመጣ ወረቀት መርዶ ይመስላልና። መርዶ አይደለም። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ደብዳቤውን የሚሰጥሽ ሙህዲን ነው፤ ከአርባ ምንጭ ሙዝ እየጫነ ወደ ገበያችን የሚያመላልሰው ነጋዴ። አንቺን ገበያ ላይ እንዳገኘሽ የነገረን እሱ ነው። ብቻሽን እንደታረስሽም ሰምቶ ኖሯል። ለእናትሽ፣ «የልጅ ልጅሽ ዋጋ ስትከራከር ቁርጥ አያቷን ናት፤ ከእሷ ጋር አልነግድም» ሲላት ሳቀች። ከዚያ ወደ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሰፈራችን አንድ ማኅበር አቁሟል። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም፣ በአራተኛው እሑድ፣ በመጻጉዕ ዕለት፣ ከገብርኤል ቅዳሴ ስንወጣ በእግራችን ከከተማው ወጥተን ኮረብታው ላይ እስካለችው ኪዳነ ምሕረት እንሄዳለን። አራት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። እዚያ ምሕላ ይደረሳል። የጉዞው ደንብ ቀላል ነው፤ በምናርፍበት ዛፍ ሥር የዕለቱ ወንጌል ይነበባል፤ ዳገቱ ሥር ስንደርስ ደግሞ ጫማችንን አውልቀን አብሮን ከመጣው ሰው ጋር ይቅር እንባባላለን። ይቅር ያልተባባለ አይወጣም።

እኔና እናትሽ ስድስት ዓመት አብረን ተጉዘናል። በየዓመቱ ዳገቱ ሥር «አበልጄ፣ በማወቅም ባለማወቅም የበደልኩሽን ይቅር በይኝ» እላታለሁ፤ እሷም «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» ትላለች፤ እንወጣለን። ቃሉ መልካም ቃል ነው። ግን ሰው ሊደበቅበትም ይችላል። የማውቀውን አንዱን ነገር ከማላውቀው መቶ ነገር ጋር ጠቅልዬ ሳሳልፈው ኖርኩ።

የማውቀው ይህ ነው።

በ1989 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ባለቤቴ ገብረጻድቅ በሞተ በሁለተኛው ወር፣ ለእናትሽ ደብዳቤ ጽፈሽላት ነበር። እኔን ፊደል ያስተማረኝ እንደሌለ ታውቂያለሽ። ገብረጻድቅ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲያስተናግድ፣ እኔ ስኳር የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ ቁርጥራጭ እየሰበሰብኩ ነው የለመድኩት። መጨረሻው የተቀደደ ወሬ ብዙ አንብቤአለሁ። የሰፈሩ ሰው ደብዳቤ ሲደርሰው ወደ እኔ ነበር የሚመጣው፤ እናትሽም ፊደል ስለማትቆጥር ያንቺን ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ ባለቤቴም ያከብረኛል» የሚለውን አነበብኩላት። ቀጥሎ ያለውን ዓይኔ ቀድሞ አየው። «መውለጃዬ ደርሷል። ከአንቺ በቀር የሚያርሰኝ ሰው የለኝም። በሃይማኖት ብንለያይም ልጅሽ ነኝ፤ እባክሽ ነይልኝ» ይላል። እሱን ዘልዬ «ለጎረቤት ሁሉ ሰላም በይልኝ» ወደሚለው ሄድኩ።

እናትሽ «ይኸው ነው?» አለችኝ። «ይኸው ነው» አልኳት።

«እንግዲህ ደህና ከሆነች እሰየው። እንዲሁ ብለሽ ጻፊላት» አለች። እንዲሁ ብዬ ጻፍኩ። እናትሽን ለአራስነትሽ ለምነሽ «ደህና ከሆንሽ እሰየው» የሚል መልስ ደረሰሽ፤ ያ የእጅ ጽሕፈት የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ አልጻፍሽም። እንዴትስ ትጽፊያለሽ።

ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ሌላ ነው። እናትሽ ካሰች አንቺ ጋ፣ ጴንጤ ቤት ከርማ ሃይማኖቷ እንዳይናወጥ ብዬ ነው እል ነበር። ደግሞም ከራሴ አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ የዘለልኩት ብቻ ነው እል ነበር። እውነቱን ልንገርሽ። የገብረጻድቅ ጋቢ ገና ከሚስማሩ ላይ አልወረደም ነበር። እናትሽ ከገበያ ስትመለስ ያልተሸጠ ሽንኩርቷን ይዛ ትመጣና አጠገቤ ቁጭ ትላለች። ብዙ አታወራም። እሷ ስትቀመጥ ግን ቤቱ ቤት ይመስላል። አርባ ምንጭ ከሄደች የልጅ ልጅ ታቅፋ እዚያው ትቀራለች ብዬ ፈራሁ። አንቺ ሰው የለኝም ስትዪ፣ እኔ ሰው እንዳላጣ ያንቺን አስቀረሁብሽ። ያውም የክርስትና እናትሽ ሆኜ፤ ከጥምቀት ውኃ ስትወጪ የተቀበሉሽ እነዚህ እጆች ናቸው።

ከትናንት ወዲያ እሑድ እንደ ልማዳችን ሄድን። ፀሐዩ ብርቱ ነበር። ብርሃነሽ፣ የልብስ ሰፊው ሚስት፣ አዲስ ጫማ አድርጋ መጥታ ገና ከአስፋልቱ ሳንወጣ ማነከስ ጀመረች። እናትሽ «አንቺ፣ ለምሕላ ነው ወይስ ለሠርግ ነው የተጠራሽው?» ስትላት፣ «እትዬ ካሰች፣ ይልቅ ያንቺን ሸበጥ አውሺኝ» አለች። ተለዋወጡ። እናትሽ ያን ጠባብ ጫማ በእጇ አንጠልጥላ ባዶ እግሯን ሄደች፤ እግሯ አይገባበትማ።

ዛፉ ሥር ስናርፍ ከመንገዱ ማዶ ያለች ሲዳማ እናት «ዳኤ ቡሹ»፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ እያለች በጆግ ውኃ አመጣችልን። ወንጌሉን ያነብ የነበረው ዲያቆን ድምፁ ቅዳሴው ላይ ተዘግቶ ነበርና ሰው ተፈለገ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ገብረየስ፣ «የሰፈሩ አንባቢ ተቀምጣ ምን ያስጨንቀናል? ስንቱን ደብዳቤ በነፃ አስነብበናት የለም ወይ» ብለው መጽሐፉን እጄ ላይ አኖሩት።

ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ሰው ታሪክ ነው። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በአፌ ሳነበው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። መዳን ትፈልጋለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ወደ ውኃው የሚያስገባኝ «ሰው የለኝም» የሚልበት ጋ ስደርስ የታየኝ ያንቺ ጽሕፈት ነው። ቆምኩ። ብርሃነሽ «ደከማት» አለች። ጋሽ ገብረየስ ውኃ ስጧት አሉ። እናትሽ ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር፤ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «አበልጄ፣ አንብቢው። እሱን ደግሞ አትዝለዪው» አለችኝ።

ሌሎቹ የምታበረታታኝ መሰላቸው። አነበብኩት። የቀረውን እንዴት እንደጨረስኩት ግን አላውቅም።

ዳገቱ ሥር ደረስን። ሰው ሁሉ እየተሳሳመ ሲወጣ እኛ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ቀረን። «በማወቅም ባለማወቅም» አላልኳትም። የማውቀውን ብቻ ነገርኳት። መስመሩን እንዳለ አልኩላት፤ ስምንት ዓመት በቃሌ ይዤዋለሁ። ለምን እንደዘለልኩትም፣ ከላይ ላንቺ እንደጻፍኩት አድርጌ ነገርኳት። እናትሽ የብርሃነሽን ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ ማሰሪያውን እየፈታች እያሰረች ሰማችኝ። አልደነገጠችም። ስጨርስ «እኔስ?» አለች። ከዚያ እሷም የራሷን ነገረችኝ። ላይ ስንደርስ ምሕላው ተጀምሮ ነበር። እንደ ዘገየ ሰው ከበሩ አጠገብ ተንበረከክን፤ እጄን እስኪያልቅ አልለቀቀችውም።

ትናንት ደብዳቤሽን ከሣጥኗ አውጥታ አመጣችልኝ። ማጠፊያው ሊበጠስ ደርሷል። ያ መስመር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። እኔ ቀይ እስክሪብቶ ኖሮኝ አያውቅም። ማን አንብቦላት እንዳሰመረውና መቼ እንደሆነ ነግራኛለች፤ ያን ግን ከእሷ አፍ ስሚው፤ የሷ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ዘልያለሁ። የአሁኑን ግን መዝለሌን እየነገርኩሽ ነው። ምንም ብትነግርሽ መጀመሪያ የዘለልኩት እኔ መሆኔ አይለወጥም።

እናትሽ ልትመጣ ትፈልጋለች፤ ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ ያለችኝን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ «ስምንት ዓመት የዘገየ ገንፎ ትበላ እንደሆነ ጠይቂያት። ልጅቷም ከወደደች ለሁለቱም አገነፋለሁ። ሃይማኖት ላስለውጥ አልመጣም። እሑድ እሑድ እሷ ወደምትሄድበት ትሂድ፤ እኔን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ካደረሰችኝ ይበቃኛል።» ጨርሼ መልሼ ሳነብላት፣ ስለ ገንፎው የተናገረችው ቀልድ መስሎ ይታይ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይታያል አልኳት። «ይታይ» አለች።

ለእኔ የምትጽፊው ካለሽ ለብቻው ጻፊው። ከሌለሽም ይገባኛል፤ አልቀየምሽም። የእናትሽን መልስ ግን በእኔ በኩል አትላኪው። ለሙህዲን ስጪው፤ እሱ ሱቅ በር ላይ አስቀምጧት እንዲያነብላት ለምኜው እሺ ብሎኛል። እኔ አልኖርም። «ነይ» ካልሽም፣ «አትምጪ» ካልሽም፣ ከላይ እስከ ታች ትስማው።

የምትወጪበትን ደጅ፣ የምትገቢበትን ቤት አምላክ ይባርክልሽ። ለባልሽ ዕድሜ ይስጥልሽ። ትንሿን ያሳድግልሽ፤ በምጥሽ ቀን አጠገብሽ የነበረው እሱ አምላክ ብቻውን ነውና ዛሬም አይለይሽ።

የክርስትና እናትሽ